ሞርሳና የኩሬው ጠመንጃ

ሞርሳ ቅጽል ስሙ ነው። ሞርሳ በብረት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ዕቃን በሁለት መንጋጋው አንቆ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ሰውየው የያዘውን ስለማይለቅ ነው ስሙን ያወጡለት። መጀመሪያ ያሰቡት የእጁን ጥንካሬ ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን ሌላም የማይለቀው ነገር እንዳለ አዩና ስሙ የበለጠ ገጠመለት።

ሥራው በአፋቸው የሚጎርሱ አሮጌ ጠመንጃዎችን መጠገን ነው። ባሩዱ በአፈሙዙ ይገባል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ ድብልብል ይከተለዋል፣ ሁለቱም በዘንግ ይጠቀጠቃሉ፤ ጎረሰ ማለት ያኔ ነው። ዘመናዊ ጠመንጃ ያለው ሰው ይስቅባቸዋል። ማሳውን የዱር አሳማ የሚገለብጥበት ገበሬ ግን አይስቅም፤ ያለው እሱ ነውና። ጠመንጃ የሚያመጣ ሲጠፋ ሞርሳ ቁልፍ ይቀርጻል፣ የስፌት መኪና ይጠግናል፣ የድስት እጀታ ይበይዳል። ሱቁ በመንገዱ በኩል አንድ መስኮት፣ በጓሮው በኩል ወደ መኖሪያ ቤቱ የሚያስገባ አንድ በር አለው። ጥግ ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል ቆሟል። ወደ ሱቁ የገባ ጠመንጃ ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ አፉን ወደዚያ በርሜል አዙሮ ይቀመጣል።

እናትና አባቱን መልካቸውን ሳያውቅ ነው ያጣቸው። ያሳደገው አጎቱ ነው፤ አንድ ዓይና፣ ነጭናጫ፣ ግን እጀ ወርቅ የሆነ ጠመንጃ ሠሪ። የአጎትየው ዓይን የጠፋው በሥራ ላይ ነው። አንድ ደንበኛ የኋላ መዝጊያው የዛገበት ጠመንጃ ይዞ መጣና "ጎርሷል ወይ?" ሲባል "ኧረ ባዶ ነው፣ እናቴ ትሙት!" አለ። አጎትየው ዝገቱን ለማላቀቅ በእሳት አሞቀው። ባዶ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ለወንድሙ ልጅ ከፊደል አስቀድሞ ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ "ባለቤቱን አትጠይቅ። ሰው ሁሉ ባዶ ነው ይላል። ቂጡን ሳታይ አትመን።" ቂጥ የሚለው የቧንቧውን የኋላ ጫፍ የሚዘጋውን ባለጥርስ ወፍራም ቡሎን ነው። ሴት ደንበኛ ስትመጣ "መዝጊያ" ይለዋል፤ ከወጣች በኋላ ተመልሶ ቂጥ ይሆናል።

ሞርሳ አጎቱን ቀብሮ ሱቁን ያዘ፣ አገባ፣ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁ አንድ ለእናቱ ነው። ገና ዳዴ ሲል ወንበር ገፍቶ ስለጣለ "ጉልቤ" ተባለ። ከመንገዱ ማዶ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር፤ እሷም አንድ ልጅ ነበራት፣ ሲያዩት በነፋስ የሚወድቅ የሚመስል፣ "ቀጮ" የሚሉት። ጉልቤና ቀጮ በአንዱ ቤት ምሳ በልተው በሌላው ቤት ይተኛሉ። የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን ማጠብ ያስፈልጋል እያለች የሞርሳ ሚስት ትቀልድ ነበር። ቀጮ ሞርሳን "አባባ" ነበር የሚለው፤ ሌላ አባባ የሚለው ሰው አልነበረውም።

ልጆቹ ሲጎረምሱ ከኩሬው ወዲያ ያለውን ማሳ ከዱር አሳማ መጠበቅ ጀመሩ። ቀጮ የሟች አባቱን ጠመንጃ ይዞ ይወጣል፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ አሮጌ ነገር። የጉልቤን ግን አባቱ ነው የሠራለት። ቧንቧውን ከሌላ ጠመንጃ ወሰደ፣ የቀረውን፣ እያንዳንዷን ጥርስ ሳይቀር፣ በገዛ ሞረዱ አወጣት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ለመጣው ሁሉ "ቃታውን ንካው እስቲ፣ ቅቤ ነው ቅቤ!" ይላል። ሚስቱ፣ "ሰው ልጁን ያሳያል፣ አንተ ጠመንጃውን ታሳያለህ" ትለው ነበር።

አንድ አመሻሽ ከማሳው በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉልቤ አንድ አሳማ ተኩሶ ስቶ ነበር፤ ይህንን የሰሙ ሁሉ ስቀውበታል። አመሻሽ የተሰማውን ግን ወዲያው ጩኸት ተከተለው። የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ ኩሬው ዳር እግሩን ይታጠብ ነበር። ቀጮ ጠመንጃውን እንደያዘ እየጮኸ ሲመጣ አየው። ቀጮ ኩሬው ዳር ሲደርስ ቆመ፣ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ወደ መሀል ወረወረውና እንደገና ወደ ሠፈር ሮጠ። ጉልቤ አንገቱ ሥር ተመቶ ሞቶ ተገኘ። ጠመንጃው አጠገቡ ወድቋል፤ ባዶ ነው።

ባዶ መሆኑ ለማንም ምንም አላስረዳም። ከሰዓት ተኩሶበት ሳያጎርሰው ቀርቶ ይሆናል፤ አባትየው ያለው እንዲህ ነው። ታዲያ አመሻሽ የተኮሰው ማን ነው? ጠመንጃውን ውሃ ውስጥ የጣለው ነዋ! ንጹሕ ሰው ምን ቆርጦት ይጥላል? መርማሪዎች ቀጮን ጠየቁት። "አላውቅም" አለ። ጠመንጃህን ለምን ጣልከው ሲሉት ዝም አለ። ኩሬውን በመንጠቆ አሰሱት፣ ጭቃው ግን የዋጠውን አልተፋም። ማስረጃ ታጣና ለቀቁት። ቀጮም እናቱን ተሰናብቶ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደ፤ አልተመለሰም።

በቀብሩ ዕለት ሞርሳ ልብስ ሰፊዋን በሰው ፊት "የልጄ ደም በደጅሽ ነው" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ወደ እሷ በኩል ተሻግሮ አያውቅም። የስፌት መኪናዋ ሲሰበርባት በሠፈሩ ከእሱ ሌላ የሚጠግን አልነበረም። አላመጣችውም፤ ብታመጣውም አይነካውም ነበር። በእጇ መስፋት ጀመረች፣ ዓይኗም ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ሞርሳን እየላጨው "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ቢለው፣ ሞርሳ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አለው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንስቶ መላጨቱን ቀጠለ።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። ጉልቤ በሕይወት ሳለ ጠመንጃውን አቁሞ አፈሙዙ ላይ መደገፍ ይወድ ነበር፤ ቆሞ ወሬ ሲያወራ ከምርኩዝ አይለየውም። ሞርሳ ለዚህ ስንት ጊዜ በጥፊ ብሎታል። ከሞተ በኋላ ግን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም "እንደ ልጄ ጥንቁቅ የለም ነበር" ይላል። ሚስቱ ይህንን በሰማች ቁጥር ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ዝናብ ጠፋ፣ ኩሬው ደረቀ፣ የሠፈሩ ሰው ዝናብ ሲመጣ ብዙ ውሃ እንዲይዝ ብሎ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። የአንዱ ቆፋሪ ዶማ ብረት መታ። በሽቦ የታሰረውን ሰደፍ ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ አወቀ። ቆፋሪው ወስዶ ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት። እሷ በአንሶላ ጠቀለለችው፣ መንገዱን ተሻገረች፣ የሞርሳን ሱቅ ደጃፍ ረግጣ ገባች።

ሞርሳ ቀና ብሎ አያት። ጸጉሯ እንዲህ ነጭ መሆኑን አላወቀም ነበር።

"ጋሼ" አለች፣ "ሌላ ሰው ዘንድ ብወስደው አስከፍታ አስሞላችው ይሉኛል። እርስዎ ካልከፈቱት ማንም አያምንም። እርስዎም አያምኑም።"

ሞርሳ የያዘውን ሞረድ አስቀመጠ።

"ባዶ ከሆነ ልጄ ገዳይ ነው። ከዚህ ሠፈር ጨርቄን ጠቅልዬ እወጣለሁ፣ ዓይኔን ዳግም አያዩትም። ከጎረሰ ግን..." አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ተወችው።

መጨረስም አያስፈልጋትም ነበር። አመሻሽ የተሰማው ተኩስ አንድ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እንደመሰከረው ቀጮ ከተኩሱ በኋላ በሩጫ ነው ኩሬው የደረሰው፤ በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ደግሞ እየሮጡ አያጎርሱትም። የቀጮ ጠመንጃ ጎርሶ ከተገኘ የተኮሰው ሌላኛው ነው፤ ሞርሳ በገዛ እጁ የሠራው፣ ቃታው ቅቤ የሆነው።

"አስቀምጪው" አለ።

እንደ ልማዱ አፉን ወደ አሸዋው አዙሮ አስተኛው። ከአፈሙዙ ጭቃውን ጠርጎ በዘንግ ሊለካው ሞከረ፤ ዘንጉ መሀል ላይ ቆመ። የቆፋሪው ዶማ ቧንቧውን አጎድጉዶት ኖሯል። በዚያ በኩል ማየትም መሳብም አይቻልም። የቀረው መንገድ በኋላ ነው። መዝጊያው ደግሞ ከቧንቧው ጋር በዝገት ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል፤ የመዝጊያውና የቧንቧው ድንበር የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ሞርሳ መነጽሩን ሁለቴ ጠረገው።

እንዲህ ያለ መዝጊያ በእሳት ይላቀቃል። ትንሽ ይሞቃል፣ ይለቃል፤ የሥራው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ባሩድ ግን ሙት አይደለም፤ ዓመታት ረጥቦም ሲደርቅ ነፍስ ይዘራል። ሞርሳ ይህንን ያውቃል፤ ያሳደገው አንድ ዓይን ያለው ሰው ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን፣ ያን ቀን እሳቱን እንዲመኘው ያደረገው መቸኮል አልነበረም። አፈሙዙ አሸዋው ውስጥ ነው፣ ቢያሞቀውና ውስጡ ያለው ቢነድ መጉረሱ አይታወቅም፤ "ያረጀ ዕቃ ነበር፣ ተበላሸ" ማለት ነው። ልጁን የቀበረ አባት ይህን ቢል ማን ይጠይቀዋል? መበየጃውን አነሳ። በእጁ ይዞት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ጠላቷን ከሰው ሁሉ መርጣ የመጣችውን ሴት አሰበና አፈረ። መበየጃውን ወስዶ ጓሮ፣ እጁ ቶሎ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጠው።

ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀላቅሎ ድንበሩ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ጠዋት ያንጠባጥባል፣ በትንሽ የመዳብ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይኳኳዋል፣ ይተወዋል። ከሰዓት ይደግመዋል። ሌላ ሥራ አልሠራም። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣውን "ሌላ ቀን" ይለዋል። ሠፈርተኛው ሰበብ እየፈለገ በመስኮቱ ያልፋል፤ ፀጉር አስተካካዩማ ያልደነዘ መቀስ ሊያስሞርድ መጣ።

ሚስቱ የጓሮውን በር ከፍታ ታየዋለች። ጉልቤ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ረግጣው አታውቅም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ነው የምታወራው።

"እንዲከፈት ነው ወይስ እንዳይከፈት ነው እንዲህ የምትኳኳው?" አለችው አንድ ቀን።

"እንዲከፈት ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም" አላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አልሰማችምና በሩን ሳትዘጋው ወደ ቤት ተመለሰች።

ዘይቱ በመዝጊያው ዙሪያ መስረጉን ሲያይ ልብስ ሰፊዋን አስጠራት። ቧንቧውን በሁለት እንጨት መሀል አድርጎ በጠረጴዛው ሞርሳ አሰረው። ለመዝጊያው ጆሮ፣ ወደ ውጭ ለወጣው ጫፉ፣ ልክ የሚሆን እጀታው ረጅም መፍቻ ቀድሞ ሠርቶለታል።

"ከጎኔ ቁሚ" አላት። "ከፊቱም ከኋላውም አይቆምም።"

ሚስቱም በጓሮው በር ወደ ሱቁ ገባችና ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ሰላም አልተባባሉም።

የዛገ ቡሎን ሲፈታ መጀመሪያ የሚደረገው ማጥበቅ ነው። የማያውቅ ሰው በሚፈታበት በኩል ይጎትትና ወይ ጆሮውን ይሰብራል ወይ ጥርሱን ይልጠዋል። ዝገቱ የሚሰበረው ባላሰበው በኩል ሲነኩት ነው። ሞርሳ መፍቻውን ያዘና ወደ ማጥበቂያው ጫን አለው። ምንም የለም። እንደገና ጫነው። የአንገቱ ጅማት ተገተረ። ድንገት ብረቱ ቋ! አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሞርሳ አቅጣጫውን ለወጠና ቀስ ብሎ ወደሚፈታበት ጎተተ። መዝጊያው መጣ። ትንሽ ሄዶ ያዘ፣ ዘይት ጨመረለት፣ መለሰው፣ እንደገና አመጣው። ሦስቱም ጥርስ በጥርስ ሲወጣ ያዩ ነበር።

መጨረሻ ላይ በጣቱ አሽከረከረውና አወጣው። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የገማ እንቁላል ሽታ። ጥቁር የረጠበ ነገር ከቀዳዳው ወደ ጠረጴዛው ተንጠባጠበ። ሞርሳ በጣቱ ነክቶ አሸው። ጭቃ አልነበረም። ቀሪውን በማንኪያ ጠርጎ አወጣና ጫፉ ጠምዛዛ የሆነውን መሳቢያ ዘንግ አስገባ። መሳቢያው ለስላሳ ነገር ነከሰ። ጨርቁ ተጣብቆበት እየተንቀራፈፈ፣ ነጭ ግራጫ የሆነ የእርሳስ ድብልብል ወጣና ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ የሞርሳን ፊት ስታየው ግን ማልቀስ ነውር መሰላት።

"ያንን አምጣው" አለችው ሚስቱ።

ሳጥን ከፍቶ ከሥር የጉልቤን ጠመንጃ አወጣ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማሰሪያውን ፈትቶት አያውቅም። አለመጉረሱን በዘንግ ለካ። ከዚያ ባሩዱን የሚያስነሳውን መቺ ግማሽ መንገድ አነሳና በማረፊያው ጥርስ ላይ አሳረፈው። ጎርሶ የሚጠብቅ ጠመንጃ እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ማረፊያው ጥርስ እስካልለቀቀ ድረስ አይተኩስም። ሰደፉን ወለሉ ላይ መታ አደረገው። ያዘ። አሁንም መታ አደረገው። መቺው ማንም ቃታውን ሳይነካው ወደቀ።

ጥርሷን አቅጥኖ የሞረዳት እሱ ነው። ቃታው ቅቤ እንዲሆን ብሎ ነው። ሞርሳ ጠመንጃውን አስቀመጠና የአጎቱ አሮጌ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "እኔ ነኝ" አለ። "ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።" ሚስቱ እጇን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈች። አይደለህም አላለችውም፤ እሷ ውሸት መናገር አትችልበትም።

ቀና ብሎ ልብስ ሰፊዋን አያት። "ደውዪለት" አላት። "እኔ ልንገረው።"

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፍታ ሰጠችው።

"ሃሎ፣ እማዬ?"

"እኔ ነኝ" አለ ሞርሳ።

የቀጮ ድምፅ የጎልማሳ ሰው ሆኗል፤ ሞርሳ የሚያስታውሰው የጎረምሳውን ነበር።

"አባባ?"

"ጠመንጃህ ተገኘ። ከፈትኩት። ጎርሷል።"

ደስታ ነበር የጠበቀው፣ ወይም ስድብ። ስድቡን ተዘጋጅቶበት ነበር።

"ለምን ከፈቱት?" አለ ቀጮ። "ለምን ከፈቱት፣ አባባ?"

"አንተ ለምን ጣልከው? ይዘኸው ብትመጣ በዚያው ቀን ነፃ ትወጣ አልነበር?"

"ይዤው ብመጣማ የሱ እንደተኮሰ ያውቁ ነበር።" ቀጮ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። "እንደ ልማዱ ተደግፎት ቆሞ ያወራኝ ነበር። ሰደፉ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ የሠራልኝ እያለ ስንቴ እንዳሳየኝ ያውቃሉ? እሱ ሲወድቅ የታዩኝ እርስዎ ነዎት። እኔን ቢጠሉ ይሻላል አልኩ። ሰው ሌላውን ጠልቶ መኖር ይችላል። ራሱን ጠልቶ ግን እንዴት አድርጎ ይኖራል?"

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ይህንን ነገር እሷም ዛሬ ገና መስማቷ ነው።

"እኔስ?" አለች። "እኔን አላሰብከኝም? እኔን ለማን ትተኸኝ ነው የሄድከው?"

"ለአባባ ነዋ" አለ ቀጮ። "እኔን ቢጠሉም አንቺን ይተዉሻል ብዬ አላሰብኩም።"

ሞርሳ ከበርጩማው ወርዶ ወለሉ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ እግር ሥር ወደቀ። ቶሎ አላነሳችውም።